የሮማ ሰሌዳና የሰንጠረዥ ወረራ

የሰሌዳ ጨዋታን የሂስ ርእስ ማድረግ ለአንዳንድ አንባቢ ያለ ቦታው የገባ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ሥዕል፣ ቴአትር፣ ሙዚቃና ልብ ወለድ ሲተቹ መስማት ለምደናል፤ ጨዋታ ግን የልጆች፣ ቢበዛም የሥራ ፈቶች ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ስለሚቈጠር ከኪነ ጥበብ ሸንጎ የሚጠራው የለም። ይሁን እንጂ ጨዋታም እንደ ቴአትር ሁሉ ደራሲ፣ መድረክ፣ ሚናና ተመልካች አለው። ከቴአትር የሚለየው ድርሰቱ አልቆ የማይቀርብ በመሆኑ ነው፤ ደራሲው ደንቡን ብቻ ይሰጣል፣ ታሪኩን የሚጨርሱት ተጫዋቾቹ ናቸው። ስለሆነም ደንቡን ያወጣው ሰው፣ ወይም ደንቡን ሲቀባበል የኖረው ሕዝብ፣ ዓለምን በምን ዓይን እንዳያት ከደንቡ ማንበብ ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ በጥንታዊት ሮማ ላይ የተመሠረተ አንድ የዘመናችን ጨዋታ መማር ምን እንደሚመስል መመርመርና ከዚያ ተነሥቶ ስለ ገዛ ሰንጠረዣችን አንድ ክርክር ማቅረብ ነው።

ጨዋታው «ኮንኮርዲያ» ይባላል፤ በላቲን ስምምነት ማለት ነው። ማክ ጌርድትስ በተባለ ጀርመናዊ ተደርሶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሲሆን ከሁለት እስከ አምስት ሰው ይጫወተዋል። ሰሌዳው የሜዲትራኒያን ባሕርን ዙሪያ የሚያሳይ ካርታ ነው። ከተሞቹ በየክፍለ ሀገሩ ተመድበዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ በየብስ፣ አንድ በባሕር የሚጓዝ ሰፋሪ ይዞ ከሮማ ከተማ ይነሣል፤ በየከተማው ቤት እየሠራም ጡብ፣ እህል፣ መሣሪያ፣ ወይንና ጨርቅ ያመርታል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል። ዕድል የሚጣልበት ጠጠር የለም። ጦርነትም የለም።

ለመማር ቀላል ነው መባሉ ሐሰት አይደለም። የጨዋታው ደንብ በአራት ገጽ ያለቀ ነው፤ ፍሬ ነገሩም ተራህ ሲደርስ አንድ ካርድ ጥለህ ካርዱ የሚለውን ፈጽም የሚል ነው። በመነሻው በእጅ የሚያዙት ካርዶች ሰባት ናቸው። ሐናጺው ሰፋሪዎችን ያንቀሳቅሳል፣ ቤት ያሠራል። ነጋዴው ይሸጣል፣ ይለውጣል። የምክር ቤቱ አባል አዳዲስ ካርዶችን ይገዛል። ትሪቡኑ ደግሞ የተጣሉትን ካርዶች ሁሉ ወደ እጅ ይመልሳል። ከሰባቱ ሁለቱ አገረ ገዥዎች፣ አንዱ ዲፕሎማት ናቸው፤ የደራሲው ብልኀት ጐልቶ የሚታየውም በእነዚህ ነው። አገረ ገዥው አንድን ክፍለ ሀገር እንዲያመርት ሲያዝ፣ ትእዛዙን የሰጠው ተጫዋች ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍለ ሀገር ቤት ያለው ሁሉ ምርቱን ይወስዳል፤ አዛዡ የሚያገኘው ተጨማሪ አንድ እጅ ብቻ ነው። ዲፕሎማቱ በበኩሉ የራሱ ሥራ የለውም፤ ጎረቤት በመጨረሻ የጣለውን ካርድ አይቶ ያንኑ ይደግማል። ጀማሪ ይህን ካርድ በያዘ ቁጥር ዓይኑን ከገዛ ጐተራው አንሥቶ ሌላው ምን እንዳደረገ ለማየት ይገደዳል። ደንብ አስተማሪ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጨዋታውን የተማርሁት በአቃቂ ቃሊቲ ሲሆን፣ አንድ ዘመዴ ከውጭ አገር ባመጣው ሣጥን፣ አራት ሆነን ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት ማን እየቀደመ እንዳለ ከአራታችን የሚያውቅ አልነበረም። ምክንያቱም የዚህ ጨዋታ ነጥብ የሚቈጠረው በመጨረሻ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ከተግባሩ ሌላ የአንድ የሮማ አምላክ ንብረት ተደርጎ ተጽፏል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሳተርኑስ ቤት በሠራህባቸው ክፍላተ ሀገር ልክ፣ መርኩሪዩስ በምታመርታቸው የሸቀጥ ዐይነቶች፣ ማርስ በሰፋሪዎችህ ብዛት ይሸልምሃል። ገንዘብና ሸቀጥን የምትመዝነው ቬስታ ናት፤ የምትሰጠውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጐተራው ሞልቶ፣ ሣንቲሙ ተከምሮ ሲኩራራ የዋለው ከመካከላችን መጨረሻ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ግን ማንም አልተሞኘም። ጀማሪን ባንድ ሽንፈት ብቻ ይህን ያህል ማስተማር የሚችል ሥራ ከቀላል ሥራዎች ተርታ አይመደብም።

ነገር ግን ደራሲውን ካመሰገንን በኋላ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ይህች በሰሌዳው ላይ ያለችው ሮማ የትኛዋ ሮማ ናት? ቤቱ ይሠራል፣ ማን ሠራው? እህሉ ይታጨዳል፣ ማን አጨደው? የጥንታዊት ሮማ እርሻ፣ የድንጋይ ካባና የማዕድን ጉድጓድ በባሪያ ጉልበት ላይ የቆመ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በኮንኮርዲያ ባሪያ የለም፤ ግብር የለም፤ በሌጌዎን ጦር የተቃጠለ ከተማም የለም። ማርስ እንኳ የጦር አምላክነቱን ትቶ ሰፋሪ ቈጣሪ ሆኗል። ደራሲው ሰላማዊ ጨዋታ መሥራቱ አይነቀፍም፤ ሰው እርስ በርሱ ሳይበላላ በውድድር የሚደሰትበት ነገር ማቅረብ ራሱ ቁም ነገር ነው። ሆኖም የአንድን ታላቅ መንግሥት ስም፣ አማልክትና ከተሞች ወስዶ የተነሣበትን ክንድ ማስቀረት፣ ያን መንግሥት በንግድ ብቻ የሰፋ አስመስሎ ማስተማር ይሆናል።

የካርታው ጠርዝም ሌላ ነገር ያስታውሳል። በ1ኛው መቶ ዘመን አንድ በግሪክኛ የጻፈ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ጉዞ ባቈየን መጽሐፍ፣ አዱሊስ የምትባለው ወደባችን የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልብስ ወደ ውጭ እንደምትልክ፣ ከግብፅ በኩል ደግሞ ጨርቅ፣ ብረት፣ መጥረቢያ፣ ጥቂት የኢጣሊያ ወይንና ገንዘብ እንደምትቀበል ተዘርዝሯል። ዞስካሌስ የተባለው የአገሩ ገዥም የግሪክ ፊደል ዐዋቂ እንደ ነበር ጸሐፊው ይመሰክራል። በኮንኮርዲያ ጐተራ ያሉት ጨርቅ፣ ወይንና መሣሪያ እንግዲህ ወደ እኛም ባሕር ይወርዱ ነበር፤ ካርታው ግን እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። ይህን የማነሣው ለመከፋት አይደለም፤ ማንም ደራሲ ካርታውን በፈለገው ስፍራ መቍረጥ ይችላል። የራሳችንን ካርታ የምንሥለው ግን እኛ ነን።

ሮማውያን ራሳቸው ይጫወቱት የነበረውስ? በላቲን «ሉዱስ ላትሩንኩሎሩም» የሚባል የጦር ስልት ጨዋታ ነበራቸው፤ ስሙ ከቅጥር ወታደር ወይም ከሽፍታ ጋር የተያያዘ ነው። የተቃራኒ ወገን ጠጠር በሁለት ጠጠር መካከል ሲገባ ይያዝ እንደ ነበር ከቅኔዎቻቸው መረዳት ይቻላል። ፈላስፋው ሴኔካ ስለዚህ ጨዋታ የተረከው አንድ ታሪክ አለ። ቄሣር ካሊጉላ ሞት የፈረደበት ዩሊዩስ ካኑስ፣ መቶ አለቃው ወደ መሞቻው ሊወስደው ሲመጣ ይጫወት ነበር። ጠጠሮቹን ቈጠረና ባላጋራውን ከሞትሁ በኋላ አሸነፍሁት ብለህ እንዳትዋሽ አለው፤ መቶ አለቃውንም ባንድ ጠጠር መብለጤን መስክርልኝ ብሎ ለመነው። ሞትን የናቀው ሰው ውጤቱ እንዲዛባ አልፈቀደም።

ይሁን እንጂ ዛሬ ካኑስ የተጫወተውን ጨዋታ አንድም ሰው በእርግጠኝነት ሊጫወተው አይችልም። በድንጋይ ላይ የተጫሩ ሰሌዳዎች አሉ፤ የመስተዋትና የአጥንት ጠጠሮች በየሙዚየሙ ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ አገር በኮልቼስተር አጠገብ ከአንድ የ1ኛው መቶ ዘመን መቃብር፣ 13 ነጭና 13 ሰማያዊ ጠጠሮች በሰሌዳ ላይ እንደ ተደረደሩ ተገኝተዋል፤ ጨዋታው የሮማውያን ይሁን የአገሬው ሰው እንኳ ምሁራን አልተስማሙበትም። ደንቡን ሁሉም ያውቀው ስለ ነበር ማንም አልጻፈውም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ደግሞ ዐዋቂዎቹ ሲያልቁ አብሮ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን ብንመለስ፣ ሰንጠረዥ በዚህ መንገድ ግማሹን ያህል ሄዷል ማለት ይቻላል። ዛሬ ለአንድ ተማሪ ሰንጠረዥ ምንድር ነው ብትሉት በመስመር የተከፋፈለ የቁጥር መዝገብ ያሳያችኋል። ቃሉ በሒሳብና በጂኦግራፊ መጻሕፍት ውስጥ በሕይወት ሲኖር፣ ስሙን የሰጠው ጨዋታ ከእጅ ወጥቷል። ያ ጨዋታ ግን ትንሽ ታሪክ ያለው አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር በ16ኛው መቶ ዘመን በኢጣሊያ ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት እ.ኤ.አ. በ1809 እና በ1810 በአደረገው ጉዞ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት ተመልክቷል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ያሳተመው ጥናትም የቀደሙትን ምስክርነቶች ያሰባሰበ ትልቅ ውለታ ነው። ጨዋታው ከ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በኋላ፣ ይጫወቱት የነበሩት የመኳንንት ቤቶች ሲበተኑ፣ እየመነመነ ሄደ።

ሰሌዳው እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ተሰፍቶ 64 ቤት ይወጣለታል። ንጉሡ፣ ፈረሱና ደር የሚባለው በየብስ ቀጥ ብሎ የሚሮጠው ከዛሬው ቼዝ ጋር አንድ ናቸው። ፈርዝ ግን በማእዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በማእዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከዚያም የተነሣ ዕድሜ ልኩን ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። እግረኛውም ሲነሣ ሁለት ቤት መራመድ አይፈቀድለትም።

ይህ ሁሉ በመካከለኛው ዘመን በፋርስና በዐረብ አገር ከነበረው ጨዋታ ብዙ አይለይም። የኛ የሆነው ወረራው ነው። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ባላጋራዎች የፈለጉትን ያህል ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ግራ ክንፉን ሲያጠነክር ሌላው አይቶ ያፈርሰዋል፤ የሰደደውን መልሶ ይስባል፣ ያስመስላል፣ ያዘናጋል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል። ደም ከፈሰሰ በኋላ ብቻ ተራ ይጀመራል። በየትኛውም የታወቀ የቼዝ ዘር ይህን የመሰለ አጀማመር አላጋጠመኝም። ሥርዐት ከግጭት በፊት የነበረ ሳይሆን ከመጀመሪያው ግጭት የሚወለድ ነገር መሆኑን የሚያሳይ ደንብ ነው፤ ኮንኮርዲያ በስምምነት ጀምሮ በስምምነት ከሚያልቅበት መንገድ ጋር ብታስተያዩት ሁለት ልዩ ልዩ የዓለም አመለካከቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። የኛው ቢያንስ ጦርነትን ጦርነት ብሎ ይጠራዋል።

አጨራረሱም እንዲሁ ነው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማስጨነቅና መውጫ ማሳጣት እንደ ድል ቢቈጠርም እምብዛም አያስመሰግንም። የሚጨበጨበው በፈርዝ፣ በፊል ወይም በእግረኛ፣ ማለት በደካሞቹ፣ ለጨረሰ ሰው ነው። ጦሩ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። አንድ አጃቢ ብቻ ከቀረውም፣ አጃቢው ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መያዝ አለበት። ስለዚህ ጐበዝ ተጫዋች የባላጋራውን ጦር ጠራርጎ ከጨረሰ ድሉን ያጣል፤ መጠን ማወቅ አለበት። በኮንኮርዲያ አማልክት ውጤቱን የሚቈጥሩት በመጨረሻ ነው፤ በሰንጠረዥ ግን እንዴት አሸነፍህ የሚለው ጥያቄ ከማሸነፉ ጋር እኩል ይመዘናል።

ታዲያ ደንቡ ከተጻፈ ምን ቀረ? ሰው የቼዝን ጨዋታ በቁጥርና በፊደል ሊመዘግበው የቻለው ተራ ስላለው ነው፤ አንደኛው ርምጃ፣ ሁለተኛው ርምጃ እያለ። ወረራ ግን ሁለት እጅ ባንድ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። የቱ ርምጃ ለየቱ መልስ እንደ ሆነ ከወረቀት ላይ ማወቅ አይቻልም። መቼ መቸኰል፣ መቼ እጅን ሰብስቦ የሌላውን ዓይን ማየት እንደሚገባ የሚታወቀው አጠገብ በመቀመጥ ነው። ሳልትም ከጨዋታው ይልቅ የተደነቀው በጫጫታው ይመስለኛል፤ ዙሪያውን የከበቡት ሁሉ ዝቅተኛ ማዕርግ ያለው ሳይቀር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመክሩ፣ ይከራከሩ ነበርና። ተማሪው የሚፈጠረው ከዚያ ጫጫታ ውስጥ ነበር። የፓንክረስት ጥናት ደንቡን አድኖልናል፤ ጫጫታውን ግን ማንም ጸሐፊ ሊያድነው አይችልም።

ያ ጫጫታ በሌላ ጨዋታ ዙሪያ ዛሬም አለ። ከደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ፣ ጭነታቸውን አስፈትሸው ለመውጣት በቃሊቲ ጉምሩክ የሚጠብቁ የተሳቢ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ በአቃቂ በኩልም ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ ሠራተኞች፣ ጥላ ባለበት ሁሉ ዳማ ይጫወታሉ። ሰሌዳው መስመር የተሰመረበት ካርቶን ወይም ጣውላ ነው፤ ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ፣ የአንደኛው ፊቱን፣ የሌላው ጀርባውን አዙሮ። ሁለት ይጫወታሉ፣ ስድስት ይቆማሉ። ከቆሙት አንዱ «ብላው እንጂ!» ይላል፣ ሌላው ተው ይላል። የዳማን ደንብ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው በዚያ አካባቢ አላገኘሁም፤ የማያውቀውም ብዙ አይደለም። ማኅበር አልቆመለትም፣ በጀት አልተመደበለትም፤ ያስተማረው ከኋላ ቆሞ ማየት ነው።

ክርክሬም ይኸው ነው። ስለ ሰንጠረዥ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ የዝሆን ጥርስ ንጉሥ ነው። ቅርስን መጠበቅ ተገቢ ቢሆንም መስተዋት ያለበት ነገር አይነካም፤ ያልተነካ ሰንጠረዥ ደግሞ ከኮልቼስተሩ መቃብር ጠጠር በምን ይለያል? ደንቡ ገና በእጃችን ሳለ ወደ ዳማው ጥላ መውረድ አለበት። ብዙ ወጪም የለበትም። ከውጭ በውድ ምንዛሬ ከሚገባ የሮማ ሣጥን ይልቅ አንድ ክንድ ተኩል ቀይ ጨርቅና ጥቂት ጥብጣብ ይበቃል። የወጣት ማዕከላት፣ ትምህርት ቤቶችና የሠራተኛ መዝናኛዎች ቼዝን ባስተማሩበት እጅ ሰንጠረዥን ማስተማር ይችላሉ። ጨዋታው የመኳንንት ነበርና ይቅር የሚል ቢኖር፣ ራሳቸው መኳንንቱ እንኳ ከአሽከሮቻቸው ምክር እየሰሙ እንደ ተጫወቱት ሳልት መስክሯል።

ይህን የምለው ያለ ሙከራ አይደለም። ከኮንኮርዲያው ወር በኋላ በሰፈሩ ያለ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ሰፋልን፤ ጠጠሩን በቆርኪ ላይ የንጉሡን፣ የፈርዙንና የሌሎቹን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጽፈን አወጣነው። ከሚመለከቱት መካከል ልጆቹ «ጋሼ» የሚሏቸው፣ በዳማ የታወቁ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። እሳቸው ኮንኮርዲያን ስንጫወት አይተው፣ እርስ በርሳችን ሳንነጋገር ሁለት ሰዓት መቀመጣችን ገርሟቸው ነበር። የሮማው ጨዋታ ትልቁ ድካም ምናልባት ይኸው ነው፤ ዲፕሎማቱ ወደ ጎረቤት ሰሌዳ ያሳየናል እንጂ ወደ ጎረቤት ፊት አያሳየንም።

ሁለት ወጣቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ወረራው ተጀምሯል ተባለ። አንደኛው እግረኛውን አንድ ቤት አራመደና እጁን ሰበሰበ። ሌላው እግረኛውን አራመደና እጁን ሰበሰበ። ተራ የለም ብንላቸውም እየተጠባበቁ፣ በትሕትና፣ አንድ አንድ እያሉ ቀጠሉ፤ ከትምህርት ቤት ቼዝም፣ ከስልክ ጨዋታም፣ ከሮማውም ሰሌዳ የተማሩት መጠበቅን ነበርና። በመጨረሻ ጋሼ የአንደኛውን ወጣት ቦታ ለቀቅ አድርግልኝ ብለው ተቀመጡ። ባላጋራቸው አንድ እግረኛ ሲያነሣ እሳቸው ሁለቱን ፈረሶች አውጥተው፣ አንዱን መልሰው፣ ደሩን ወደ ጠርዝ አዛውረው ነበር። ወጣቱ ቀና ብሎ ሲያያቸው አራተኛውን ጠጠር አነሡ። ከዚያ በኋላ እሱም እጁን አልሰበሰበም፤ ሁለቱ እጆች ባንድ ጨርቅ ላይ ይተራመሱ ጀመር፤ ከኋላ የቆመውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክር ገባ። የመጀመሪያው ቆርኪ የተበላው ሻይ ሁለት ጊዜ ከተቀዳ በኋላ ነው፤ የበላውም ወጣቱ ነበር።